በጥቁር ጨርቅ ላይ ስለጠፋው የወንድሜ ጭንቅላት

ለክቡር የፓስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ለዚያው መሥሪያ ቤት የሐዘን አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢም፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከግራ ሁለተኛው በር፣ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ሃያ አንድ ቀን ሙሉ አንገት ደፍቶ መክረም ለማጅራት ደግ አይደለም ይባላልና አንገትዎ ቀና ብሎልዎት እንደሆነ ከልብ አስባለሁ። ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ወገብዎን ይጠብቅልኝ፤ ማኅተም የያዘች ቀኝ እጅዎንም እርስዎ ራስዎ ከሥራ ሁሉ እንደጠበቋት አምላክ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልኝ። እኔ በወረፋ ከያዘኝ የእግር ቁርጥማት በስተቀር ደኅና ነኝ።

ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ አይድከሙ፤ በዘጠነኛው የሐዘን ቀን ነጭ አንሶላ ተሸክማ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የወጣችው ልጅ ነኝ። አንሶላው እስካሁን እናንተ ዘንድ ነው። ዕድሜዬ ዐሥራ ስድስት፣ ክፍሌ ዐሥረኛ ሲሆን፣ «ልጅ በትልቅ ሰው ነገር አይገባም» እየተባልኩ በሥርዓት ስላደግኩ አሁንም በነገሩ አልገባሁም፤ ደጁ ላይ ቆሜ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ደብዳቤውን በአስተያየት መስጫ ሳጥናችሁ እንዳልከተው፣ ሳጥኑ ያኔ ያለበሳችሁትን ጥቁር ጨርቅ የሚያወልቅለት አጥቶ ዛሬም አፉ እንደተሸፈነ ነው። ስለዚህ በጋዜጣ መላኬን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ አድራሻ ችግር እንዲቆጥሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሟቹ ንጉሣችን ነፍሳቸውን ይማርና ምንም አላጠፉም። ሸመገሉ፣ ታመሙ፣ ዐረፉ፤ ከአንድ ሽማግሌ ከዚህ በላይ የሚጠበቅ ነገር የለም። ቅሬታዬ ከሞቱት ጋር ሳይሆን ከቀሩት ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ባሕር ማዶ የአንዲት አሮጊት አስታማሚ ሆና ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። ስትሄድ ታናሽ ወንድሜ፣ በቤታችን አጠራር ጩጬ፣ የሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ ዛሬ ስድስት ሞልቶታል። እናቱን የሚያውቃት በስልክ መስታወት ውስጥ ስለሆነ ባትሪው አልቆ ስልኩ ሲጠፋ «እማዬ ተኛች» ብሎ ስልኩን ፎጣ የሚያለብስ ልጅ ነው። ዘንድሮ የአሮጊቷ ልጆች ለእናቴ የዐሥር ቀን ዕረፍት ፈቀዱላት። የሥራ ፈቃዷ በመታደስ ላይ ስለነበር ወደዚህ ብትመጣ መመለሻ አይኖራትም፤ ስለዚህ እኛ ልንሄድላት ተስማማን። ወደዚያ አገር ለመግባት ከፓስፖርት በቀር ምንም አይጠየቅም። የእኔ ፓስፖርት አምና ወጥቷል። የቀረው የጩጬ ብቻ ነበር።

እማዬ ለዐሥሩ ቀን ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ያዘች። ጫማ ልግዛለት ስትል የጩጬን እግር ወረቀት ላይ አስቁሜ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩና ፎቶውን ላክሁላት፤ ሲረግጡት ተረከዙ ላይ መብራት ቦግ የሚል ጫማ ገዝታ ጠበቀችው። ፀጉሩንም ለአራት ዓመት የቋጠረችውን ማበጠሪያ ይዛ «እኔው ነኝ የማበጥርልህ፣ ማንም እንዳይነካው» አለችው። እሱም ማንንም አላስነካም፤ ፀጉሩ ጎፈር አክሎ ነበር።

ጉዞ ማቀድ በዚያ ሰሞን ምን ይመስል እንደነበር ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ንጉሡ ዓመት ሙሉ ታመው ስለነበር አገሩ በሙሉ የሚያቅደው በእርሳቸው ትንፋሽ ነበር። አክስቴ ሬዲዮው ሥር ተቀምጣ የዜና አንባቢውን ጉሮሮ ታደምጥ ነበር፤ «ዛሬ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፣ እስከ ሐሙስ የሚመጣ ነገር የለም» ትለናለች። ትኬት የምትቆርጥልን ሴትዮ ደግሞ ዐይኗን ከኮምፒውተሯ ሳታነሳ «እኔ ብሆን ትንሽ እጠብቅ ነበር፤ ግን ምን ይደረግ እናቴ፣ ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፣ ቀጠሮ የሚሰጠው ፓስፖርት ቤት ነው» አለችን። እውነቷን ነው። ከሁለት ወር በፊት አመልክተን የሰጣችሁን ቀጠሮ ማክሰኞ ነበር። ንጉሡ እሁድ ዐረፉ። ሃያ አንድ ቀን ሐዘን ታወጀ፤ የእናቴ ዕረፍት ከዐሥረኛው ቀን እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ሆኖ ቁጭ አለ።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን፣ አንዱን ከአንዱ መለየት ቢያስቸግርም፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ጨርቁ።

በአዋጁ የታዘዘው ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ እንዲልና በዋናው በር ላይ ጥቁር ጨርቅ እንዲሰቀል ነበር። ቤተ መንግሥቱ ራሱ በቴሌቪዥን እንዳየነው ያለበሰው በሩን ብቻ ነው። እርስዎ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ከባለቤቱ ያወቀ ምን እንደሚባል ቢያውቁም፣ በሩን፣ ደረጃውን፣ መስኮቱን፣ የግድግዳ ሰዓቱን፣ የአበባ ማሰሮውን፣ የአስተያየት ሳጥኑን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፎቶ የሚነሣበትን ነጭ ግድግዳ ጥቁር አለበሱ። የፓስፖርት ፎቶ ጀርባው ነጭ እንዲሆን የሚያዝ ማስታወቂያ ከዚያው ግድግዳ አጠገብ፣ በእርስዎ ፊርማ፣ እስካሁን ተለጥፏል። ማስታወቂያውን አላለበሱትም። ረስተውት ይሆናል።

ወንድሜ ማክሰኞ ጠዋት ከጥቁሩ ጨርቅ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ፎቶ የምታነሣው ልጅ ቁልፉን ብትጫን ማሽኑ ጥቂት አሰበና «ጭንቅላት አልተገኘም» ብሎ ጻፈ። ደገመች፤ አልተገኘም። «የኔ ጌታ፣ እስቲ ቀና በል» ብላ ሠለሰች፤ አልተገኘም። ጎፈሬው ከጨርቁ ጋር አንድ ሆኖ ማሽኑ የሚያየው በጨለማ ውስጥ የተንሳፈፉ ሁለት ጉንጮች ብቻ ነበር። ጩጬ ማንበብ ጀምሯልና የተጻፈውን በፊደል በፊደል አንብቦ ሲጨርስ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ዳበሰና በሹክሹክታ «እቴቴ፣ አለ እኮ» አለኝ። የውጭ ፎቶ እንደማትቀበሉ ስለምናውቅ ሌላ ቦታ አስነሥተን እንዳንመጣ መንገድ አልነበረንም። ጨርቁን ለአንድ አፍታ ገለጥ አድርጉልን ብንል ልጅቷ ጣራውን፣ ማለትም እርስዎን፣ በጣቷ አሳየችን።

2ኛ. ስለ ምክሩ።

መሥሪያ ቤታችሁ ችግር ሲገጥመው መፍትሔ አያጣም፤ መፍትሔውን የሚፈልገው ግን ከባለጉዳዩ ገላ ላይ ነው። የፎቶ ክፍሉ ኃላፊ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉት ሰውዬ፣ ነገሩን መርምረው «ጨርቁ ጥቁር ነው፤ ፀጉሩም ጥቁር ነው፤ ከሁለቱ አንዱ መነሣት አለበት» አሉ። አክስቴ ደስ ብሏት «እግዜር ይስጥልን፣ ጨርቁን ያንሡልና!» ስትል ትክ ብለው አይተዋት «ልጁ ይላጭ» አሉ።

ተላጨ። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ወንበር ላይ ሳንቃ አጋድመው አስቀመጡት፤ አላለቀሰም። የረገፈውን ብቻ አይቶ «ይኼን ለእማዬ እንውሰድላት፣ ታበጥረው» አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለውን ትምህርት ቤት ሰምቼው ነበር፤ ዳዋው የወንድሜ ጎፈሬ መሆኑን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ሐሙስ በአምስተኛው ቀን አዲሱን ራስ ይዘን መጣን። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ተሰልፈን ተራችን ደረሰ፤ ማሽኑም በደስታ «ጭንቅላት ተገኝቷል» አለ። ቀጥሎ «የጀርባ ቀለም አይፈቀድም» ብሎ ዘጋው። ለዚህም አመሰግናለሁ፤ ቢያንስ ወንድሜ ጭንቅላት እንዳለው በመንግሥት ደረጃ ተረጋግጦልናል።

3ኛ. ስለ ሳቁ።

በዚያው ሐሙስ በመጠበቂያው ክፍል ሳለን ጩጬ ሥራ ፈቶ ወለሉን በእርምጃ ይለካ ጀመር። ከወንበራችን እስከ መስኮቱ ዘጠኝ፣ እስከ ፎቶ ክፍሉ ሃያ አንድ፣ እስከ ሠራተኞች ሻይ ክፍል በር ዐሥራ አራት። ሻይ ክፍሉ በር ገርበብ ሲል ውስጥ አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ ይታይ ነበር፤ በሕንፃው ውስጥ ነጭ ሆኖ የቀረ ነገር እሱ ብቻ ስለነበረ ዐይናችን ያለፈቃዱ እዚያ እየሄደ ያርፍ ነበር። ከዚያ በር ሻይ ይዘው ሲወጡ የጥበቃው ሰውዬ ደረታቸው ላይ የሰኩት ጥቁር ሪባን ብርጭቋቸው ውስጥ ተነክሮ አዩትና ጨመቁት፤ ጩጬም ሳቀ። ስድስት ዓመት የሆነው ሰው ሪባን ሲጨመቅ ካየ ይስቃል፤ ሰባት ዓመት የሆነውም ሊስቅ ይችላል።

ጥበቃው «አንተ! ንጉሥ ሞቶ ይሳቃል?» ብለው ጮኹ። ጩጬ ደነገጠና «እኔ አላውቃቸውም» አለ። «ብታውቅም ባታውቅም አልቅስ! አገር ሐዘን ላይ ነው!» አሉት። ልጁ ታዛዥ ነው፤ ዐይኑን ጨፈነ፣ ከንፈሩን ጣለ፣ ጥቂት ታገለና «እምቢ አለኝ» አላቸው። ወረፋው ሁሉ ሳቁን ለመዋጥ ሲያስል አክስቴ «ጋሼ፣ ሕፃን ነው፣ እንባ በትእዛዝ አይመጣለትም» ብላ ገላገለችን፤ እሳቸውም «የዛሬ ልጅ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እባክዎ ሰውየውን እንዳይቀጧቸው። ያንን እንባ በኋላ አግኝተነዋል፤ እደርስበታለሁ።

4ኛ. ስለ አንሶላው።

የሚቀጥለው ሰኞ፣ ዘጠነኛው ቀን፣ ከመሄጃችን በፊት የቀረን የመጨረሻ ዕለት ነበር። አክስቴ «እስቲ ሽማግሌ እንላክባቸው» ትል ነበር፤ እኔ አንሶላ ይሻላል አልኩ። የአልጋዋን ነጭ አንሶላ ተኩሼ አጥፌ መጣሁ። አሳቤ ቀላል ነበር፤ ጥቁሩን ማንም አይንካው፣ እኔና አክስቴ አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘን ከፊቱ እንቁም፣ ልጁ ይነሣ፣ አንሶላችንን አጥፈን እንሂድ። ፎቶ የምታነሣዋ ልጅ ፊቷ በርቶ «በእኔ በኩል ምንም ችግር የለም፤ ብቻ ኃላፊው ይፍቀዱ» አለች።

እርስዎን ያየሁዎት ያኔ ነው። ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲያልፉ ኮሪደሩ ላይ ያዝኩዎት። አንሶላውን አይተው በጣም አዘኑና «ልጄ፣ በሐዘን ላይ ነጭ መዘርጋት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ፤ እርስዎም ሳይነግሩኝ ቀሩ። እሺ ጨርቁን ለአንድ ደቂቃ ገለጥ ቢያደርጉልንስ ብልዎት ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «እኮ ማነው መጀመሪያ የሚያነሣው? ነገ ‹ማን አነሣው?› ሲባል አንቺ ትፈርሚያለሽ?» አሉ። እፈርማለሁ አልኩ። «ዕድሜሽ አይደርስም» ብለው ገቡ።

ልብ ይበሉ፣ ክቡር ሆይ፤ በዚያ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ለመፈረም ፈቃደኛ የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ የፊርማ ዕድሜ ያልደረሰልኝም እኔ ብቻ። ስወርድ ጥበቃው «ያን ነገር ይዘሽ መውጣት አይቻልም» ብለው አንሶላውን ተቀበሉኝና ደረሰኝ ጻፉልኝ፤ «አንድ ነጭ አንሶላ፣ ለጊዜው የታገደ» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና ወረቀቱን እኔ ይዤዋለሁ፤ አንሶላውን ማን እንደያዘው አልናገርም።

5ኛ. ስለ ሰዓቱ።

ጥቁር ጨርቅ በለበሰው ሰዓታችሁ ሥር ተቀምጠን «በሰዓታችሁ አልቀረባችሁም» ተብለናል። የምጨምረው የለኝም።

6ኛ. ስለ ጉዞው።

የተቆረጠልን ትኬት ከቀብሩ ቀን ጋር ገጠመ። ያን ዕለት ሰማዩ ከጠዋት እስከ ማታ ተዘጋ፤ በንጉሥ አስከሬን ላይ የሚጮህ ሞተር እንዳይኖር ነው ተባለ፤ ጥሩ ነው፣ ይገባኛል። በማግስቱ የተከፈተው ሰማይ ለቀብር የመጡትን እንግዶች መመለሻ ሆነ። ትኬት ቆራጯ ሁለት ጊዜ አዛወረችልን፤ «እኔ አውሮፕላኑን አመጣለሁ፤ እናንተ ልጁን አምጡ» እያለች። አውሮፕላኑ መጣ። ልጁ ግን በመንግሥት ዘንድ ጀርባው ጥቁር ስለነበር አልመጣም።

አክስቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «አንቺ እንኳ ሂጂ፤ ሁለት ልጅ ከምታጣ አንዱን ትይ» አለችኝ። እኔም አልዋሽዎትም፣ ልሄድ ነበር። ሻንጣዬን ስዘጋ ጩጬ የትምህርት ቤት ቦርሳውን ይዞ መጣና እንዳይለት ከፈተልኝ። የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ ካልሲ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ያ እግሩን ያሰመርኩበት ወረቀት ነበር። ይኼ ምን ያደርግልሃል ብዬ ብጠይቀው «እማዬም ‹አልተገኘም› ካለችኝ እግሬን አስለካታለሁ» አለኝ።

ሻንጣዬን ፈታሁት።

እማዬ ዐሥሩን ቀን ሁለት አልጋ ባለው ክፍል ብቻዋን ከረመች። ስንደውል እየሳቀች «አይዟችሁ፣ እኔ ሁለቱም አልጋ ላይ በየተራ ተኝቼላችኋለሁ» ትለን ነበር። በአራተኛው ቀን ጫማውን በእጇ ይዛ ጠረጴዛው ላይ አስረገጠችው፤ መብራቱ ቦግ ሲል ጩጬ አጨበጨበ። በዐሥረኛው ቀን ስልኩን ራሷ ቀድማ ዘጋችው። በዚያ ቀን የባትሪው ነገር አልነበረም።

7ኛ. ስለ መጨረሻው ፎቶ።

ሃያ አንዱ ቀን ቅዳሜ አለቀ። ሰኞ ጠዋት ግድግዳው እንደ ድሮው ነጭ ሆኖ ጠበቀን። ለቅልጥፍናችሁ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ አላልፍም፤ ለሁለት ወር ቀጠሮና ለሦስት ሳምንት ሐዘን ያልተቻለው ነገር በሁለት ቀን አልቆ ረቡዕ ፓስፖርቱን ተረከብን። ሰኞ ዕለት ግን ጩጬ በርጩማው ላይ ወጥቶ ነጩን ግድግዳ አየና «አሁን ወደ እማዬ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አልኩት። የእማዬ ዕረፍት ካለቀ አራት ቀን ሆኖታል፤ የሚቀጥለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ አንተ ስምንት ትሞላለህ አልኩት። ከዚያ ያ በሐዘኑ ሰሞን «እምቢ አለኝ» ያለው እንባ ሳይታዘዝ መጣ። ፎቶ የምታነሣው ልጅ «የኔ ጌታ፣ አንዴ ብቻ ጥረገውና ልጫነው» ስትል እንኳ አልቆመላትም፤ እንዲሁ ተጫነችው። ማሽኑ ምንም ሳያቅማማ ተቀበለ።

ስለዚህ ደስ እንዲላቸው ለጥበቃው ይንገሩልኝ። የታዘዘው ልቅሶ ቢዘገይም ተፈጽሟል፤ በማኅተማችሁ ታትሞ ለአምስት ዓመት ጸንቶ ይቆያል። የአገራችንን የሐዘን ፊት ማየት የሚሻ ሁሉ የወንድሜን ፓስፖርት ይክፈት። ፀጉሩ ገና አላደገም፤ ዐይኑ ቀልቷል፤ ጀርባው ነጭ ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ፤ አንዲት ናት። እማዬ ለአሠሪዎቿ፣ ለአሮጊቷ ልጆች፣ ሁሉን ነገር ነግራቸው ነበር። እነሱም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ «ልጅሽ ያልመጣው በአንቺ ወይም በቤተሰብሽ ጥፋት አለመሆኑን የሚያሳይ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ካመጣሽ፣ በወሩ መጨረሻ ሌላ አምስት ቀን እንሰጥሻለን» ብለዋታል። ወረቀቱን ጠይቄ መጣሁ። ጸሐፊዎ ጉዳዩን ይዘው ገብተው ይዘው የወጡት መልስ «መሥሪያ ቤታችን በሐዘኑ ወቅት አገልግሎት አላቋረጠም፤ ስለዚህ የሚጻፍ ነገር የለም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አልተቋረጠም። ማሽኑ ሲሠራ በዐይኔ አይቻለሁ፤ ወንድሜን ሲፈልገው ነበር።

ድካምዎን ለመቀነስ ረቂቁን ራሴ አዘጋጅቻለሁ፤ ቢፈልጉ ብቻ ይፈርሙበት፤ «ሕፃኑ በቀጠሮው ቀን ቀርቦ ነበር። ጭንቅላቱም አብሮት ነበር። ያልነበረው ግድግዳችን ነው።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። እርስዎ ደግሞ ዕድሜዎ ይደርሳል።

ረጅም ዕድሜና ቀና አንገት እየተመኘሁ፣ ለጥቁሩ ጨርቅ፣ ለተሸፈነው ሰዓትና አፉን ለያዘው ሳጥን ያለኝን የማያቋርጥ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከደረጃው ሥር እጅ የምነሣ፣

የጩጬ እኅት፣
የአንሶላ ደረሰኝ ቁጥር ሰባት ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ልጅዎ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ክፍል ውስጥ በፍቅር «ሹሙ» እንለዋለን። ለሐዘኑ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባሕር ማዶ ሲዝናና ከርሞ ባለፈው ሳምንት ተመለሰና፣ ደግ ልጅ ነው፣ አዲሱን ፓስፖርቱን ለሁላችን አሳየን። የተሰጠበት ቀን አምስተኛው የሐዘን ቀን፣ ሐሙስ ነው፤ ወንድሜ ተላጭቶ የመጣበት ያው ሐሙስ። ጀርባው ወለል ያለ ነጭ ነው። ከግራ ጆሮው ሥር ግን እንደ ጉትቻ የተንጠለጠለች አንዲት ብረት ትታያለች፤ ምንድን ናት ብለን ስንስቅበት «የፍሪጁ እጀታ ናት፤ አባዬ ሻይ ክፍል ውስጥ ነው ያስነሣኝ» አለን። በልጁ አይቆጡበት፤ እንደ ወንድሜ የተጠየቀውን የሚመልስ ልጅ ነው። እኔም ይህን ለማንም የመናገር አሳብ የለኝም፤ ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት በቀር። ረቂቁ ተፈርሞ እስከ ዓርብ ከደረሰኝ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ማቀዝቀዣው ቅዝቃዜ አንድ የምስጋና ደብዳቤ እጽፋለሁ። ለሚቀጥለው ሐዘን ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ወይ ማቀዝቀዣውንም ጥቁር ያልብሱት፣ ወይ በሩን ለሁላችንም ይክፈቱት። ከወንበራችን ዐሥራ አራት እርምጃ ነበር፤ ያውም በሕፃን እግር።